ስለ ታጣፊ ምላጭ አያያዝና ጢምን ሙልጭ አድርጎ ስለ መላጨት

የመጽሔታችን አዘጋጆች በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ጸሐፊ ከክፍል ውጭ የተማረውን አንድ ሙያ እንዲያስረዳ በጠየቁ ጊዜ፥ ከጓደኞቼ አንዱ ስለ ንብ ርባታ፥ ሌላውም ስለ ራዲዮ ጥገና ለመጻፍ ስሙን አስመዘገበ። እኔ ስለ ምላጭ እጽፋለሁ ባልሁ ጊዜ ግን ጥቂት ሣቅ ተሰማ። ከ11ኛ ክፍል ወንዶች መካከል ጢም አበቀለ ለመባል የሚበቃው ከአራት ሰው ስለማይበልጥ ሣቁ የሚያስቀይም አይደለም። ዳሩ ግን ጢም ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም። ዛሬ የሣቁት ሁሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመስተዋት ፊት መቆማቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜም ብዙዎቹ የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ይኸውም የአባታቸውን ወይም የታላቅ ወንድማቸውን ምላጭ ሳያስፈቅዱ አንሥተው በደረቅ ጉንጫቸው ላይ መጎተት ነው። ይህ ልማድ ፊትን ከመቧጠጥ የባሰ ጕዳት እንዳለው ወደ ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ መሣሪያው ላስረዳ።

ታጣፊ ምላጭ የምለው እንደ ሰንጢ ወደ እጀታው የሚታጠፈውን፥ በአንድ በኩል ብቻ ስለት ያለውን ረጅም ምላጭ ነው። በየሱቁ ከሚሸጠው በሁለት በኩል ስለት ካለው ስስ ምላጭ የሚለየው፥ ያኛው ሲደንዝ የሚጣል፥ ይህ ግን እየተሳለ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል በመሆኑ ነው። ጀርባው ወፍራም ነው፤ ሁለቱ ጎኖቹ ከጀርባው ወደ ስለቱ እየጎደጎዱ ስለሚወርዱ ብረቱ ከስለቱ ዘንድ ሲደርስ እንደ ወረቀት ይሳሳል። እንዲህ ሆኖ መሠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ምላጩ በመሳያ ድንጋይ ላይ ጋደም ሲል ጀርባውና ስለቱ በአንድነት ድንጋዩን ስለሚነኩ፥ የሚስለው ሰው ማዕዘኑን በግምት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ጀርባው ራሱ ይጠብቅለታል። ቢላዋ ስሎ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደ ሆነ ይረዳዋል። በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው ከተሞች በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ፥ በጀርመን አገር ደግሞ ዞሊንገን ናቸው፤ በቤታችን ባለው በአያቴ ምላጭ ላይም የዞሊንገን ስም ተቀርጾበት ይታያል።

እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ጢሙን መላጨት የሚፈልግ አብዛኛው ሰው ወይ ይህን መሣሪያ መያዝ መማር፥ አለዚያም ለጠጕር አስተካካይ መክፈል ግድ ነበረበት። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ተጠቅመው የሚጥሉትን ስስ ምላጭ ከነመያዣው ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሆን፥ በዚያው ዓመት የሸጠው መያዣ 51 ብቻ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ይህን ዕቃ ለወታደሮቹ በሚሊዮን እየቈጠረ ካደለ በኋላ ግን ታጣፊው ምላጭ ከመኖሪያ ቤት ወደ ጠጕር ቤት ተሰደደ። በአገራችን የምላጭ ሥራ ከጢም ይልቅ የራስ ነበር፤ ሕፃናት ቁንጮ ተትቶላቸው ይላጩ ነበር፤ ሐዘንተኛም ራሱን ይላጭ ነበር። ስለዚህ ምላጭ መያዝ የሚችል እጅ በየመንደሩ አይታጣም ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪክ ቶንዶስ በየጠጕር ቤቱ ከገባ ወዲህ ግን ይህ እጅ እየተመናመነ ሄዷል።

እኔ ሙያውን የተማርሁት ለራሴ ብዬ አይደለም። አያቴ ከአርባ ዓመት በላይ በዚሁ ምላጭ በገዛ እጃቸው ሲላጩ ከኖሩ በኋላ፥ ሕመም አግኝቷቸው ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ምላጩን ለማስቀመጥ ተገደዱ። ጠጕር ቤቱ ያለው ከዳገቱ ራስ ነው፤ እግራቸውም እዚያ አያደርሳቸውም። ሳይላጩ ከደጅ ወጥተው የማያውቁት ሰው እንግዳ በመጣ ቍጥር ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ሲቀመጡ ማየት ለቤተ ሰቡ ሁሉ ከባድ ነበር። የእናቴ ወንድም በሌላ ከተማ ጠጕር አስተካካይ ናቸውና በክረምቱ ዕረፍት ወደ እሳቸው ተላክሁ። ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው እኚህ አጎቴ በመጀመሪያው ሳምንት ፊት የሚባል ነገር አላስነኩኝም። ያስጨበጡኝ ቆዳ ነበር።

ሰው ሁሉ መላጨት ከጉንጭ የሚጀምር ይመስለዋል፤ በእርግጥ የሚጀምረው ከቆዳው ነው። ይህ ቆዳ ወርዱ አራት ጣት የሚያህል ረጅም ጠፍር ነው፤ አንዱ ጫፍ በግድግዳ ላይ በምስማር ይያዛል፥ ሌላውን ጫፍ በግራ እጅ ወጥሮ መያዝ ነው። ምላጩን ጋደም አድርጎ፥ ጀርባውን አስቀድሞ፥ ስለቱን አስከትሎ ወደ ፊት ይገፉታል፤ ከጫፉ ሲደርሱ ጀርባውን ተመርኵዞ ይገላበጣል እንጂ በስለቱ ላይ ከቶ አይገለበጥም፤ ከዚያም እንደ ፊተኛው ጀርባውን አስቀድመው ወደ ራሳቸው ይስቡታል። ስለቱ የቀደመ እንደ ሆነ ቆዳው ይተለተላል፥ ምላጩም ይበላሻል። ቆዳው ላልቶ ከረገበም የስለቱ ጫፍ ክብ ይሆናል። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ሠላሳ ወይም አርባ ጊዜ ማመላለስ ይበቃል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቆዳው ምላጩን አይስለውም፤ ባለፈው ጊዜ የተጣመመውን እጅግ ቀጭን የስለት ጫፍ ያቃናዋል እንጂ። የደነዘውን መሳል የድንጋይ ሥራ ነው፤ ይህም ቆዳውን አዘውትሮ ለሚጠቀም ሰው በብዙ ወራት አንድ ጊዜ ቢደርሰው ነው። በድንጋዩ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ስለቱ ይቀድማል፥ ጀርባው ይከተላል። አጎቴ መሳሉን የሚፈትኑት ከራሳቸው ላይ አንዲት ጠጕር ነቅለው፥ ጫፏን ይዘው ስለቱን በማስነካት ነው። ጠጕሯ ሳትታጠፍ ከወደቀች ምላጩ ለሥራ ደርሷል፤ ከታጠፈች ግን ደንበኛው ጥቂት ይጠብቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የውሃ ነገር ነው። ጠጕር በአብዛኛው ኬራቲን ከሚባለው ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ በባዮሎጂ ትምህርታችን እንዳየነው ጥፍርና ቀንድም ከዚሁ ናቸው። ጢም ደረቅ ሲሆን ለስለቱ ጠንካራ ነገር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ ለመቍረጥ የሚያስፈልገውም ኃይል በብዙ ይቀንሳል። ጠጕር ብረትን ምን ያደርገዋል የሚል ሰው ቢኖር፥ እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት መልስ ይሰጠዋል። ጠጕር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ሆኖ ሳለ ስለቱን ሊሸርፈው ይችላል። ተመራማሪዎቹ በማይክሮስኮፕ ሥር እንዳዩት፥ ጠጕሩ ወደ ጎን ተጣምሞ ሳለ ብረቱ አንድ ወጥ ያልሆነበትን የስለቱን ቦታ ሲያገኘው ከጫፉ ላይ ደቃቅ ስባሪ ይነሣል። አጎቴ ይህን ጥናት አላነበቡም፤ ነገር ግን አረፋ ሲቀቡ ብሩሹን በክብ እያዞሩ ጠጕሩን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ፊትን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና መታጠብ፥ ከዚያም በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በጉንጭና በአገጭ ላይ መያዝ፥ ከዚያ በኋላ አረፋውን መቀባት ነው። አረፋው እንደ እርጎ ወፍራም ይሁን። እንደ ልብስ ማጠቢያ አረፋ ጎልቶ የሚተንን አረፋ አጎቴ «ነፋስ» ይሉታል። ካልሲየምና ማግኒዥየም በበዛበት ውሃ ሳሙና አረፋ እንደማይወጣው በኬሚስትሪ ተምረናል፤ የጕድጓድ ውሃችሁ እንዲህ ያለ ከሆነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይሻላል።

አሁን ወደ ምላጩ አያያዝ ልግባ። ሌባ ጣት፥ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት በምላጩ አንገት ጀርባ ላይ ይውላሉ፤ አውራ ጣት ከታች ይደግፋል፤ ትንሿ ጣት እጀታው ከሚታጠፍበት በስተኋላ ባለው አጭር ጭራ ላይ ታርፋለች። ከዚያ ምላጩን በጉንጭ ላይ ፍጹም ማስተኛት፥ ቀጥሎም ስለቱ ቆዳውን እንደ ነካ ጀርባውን ቀስ አድርጎ ማንሣት ነው። ምን ያህል ከፍ ይበል ለሚለው ጥያቄ አጎቴ «የምላጩን ወርድ እኩሌታ» ብለው ይመልሳሉ። የምላጩ ወርድ 16 ሚሊሜትር ቢሆን ጀርባው ከቆዳው 8 ሚሊሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው፤ የሒሳብ አስተማሪያችን እንዳስተማሩን ሳይኑ እኩሌታ የሆነ ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው። ከዚህ እጅግ ያነሰ ማዕዘን ጠጕሩን ሳይቈርጥ ይጎትተዋል፤ እጅግ የበለጠው ደግሞ ቆዳውን ይገሸልጠዋል። ግራ እጅ በዚህ ጊዜ ሥራ ፈት አይደለም፤ ቆዳውን ከምላጩ በስተኋላ ወጠር አድርጎ ይይዛል። የሚያቈስለው ሁሉ ከሞላ ጎደል ምላጩን ሥጋ እንደሚቈርጡበት ቢላዋ ወደ ጎን ከማንሸራተት ይመጣል፤ ስለዚህ ምላጩ ሁልጊዜ ከስለቱ ፊት ለፊት ይሂድ እንጂ በስለቱ ርዝመት ወደ ጎን ከቶ አይሂድ።

ከሁሉ በላይ ግን መጫን አይገባም። ሙልጭ የሚያደርገው ጕልበት አይደለም። ምላጩ በራሱ ክብደት ካልሄደ ከሁለቱ አንዱ ጐድሏል፤ ወይ ስለቱ ደንዝዟል፥ ወይም ጢሙ ውሃ አልጠጣም። በሁለቱም ጊዜ መድኃኒቱ ማቆም ነው። ይህን በእጄ ለማስገባት አጎቴ ፊኛ ነፍተው፥ አረፋ ቀብተው፥ አረፋውን በምላጭ ጠርጌ እንዳነሣ አዘዙኝ። ይህ በጠጕር አስተካካዮች ዘንድ የታወቀ መለማመጃ ነው። ፊኛ ትዕግሥት የለውም፤ ጥቂት ብትጫነው ወይም ምላጩን ወደ ጎን ብታንሸራትት ጩኸቱ እስከ ጎረቤት ይሰማል። ከፊኛው በኋላ የመጀመሪያው ፊት የራሴ ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ሁለቱን ጉንጮች ብቻ፥ ከዚያ አንገትን፥ በመጨረሻም አገጭንና የላይኛውን ከንፈር። ለጀማሪ ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ እመክራለሁ፤ ጉንጭ ሜዳ ነው፥ አገጭ ግን ገደል ነው።

ጢም በሁሉም ስፍራ ወደ አንድ አቅጣጫ አያድግም። በጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ በአንገት ላይ ግን በአንዳንዱ ሰው ወደ ጎን፥ በአንዳንዱም ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ቀን ያልተላጨ ፊትን በጣት ጫፍ ወደ አራቱም አቅጣጫ መዳሰስና ለስላሳና ሻካራ የሚሆንበትን መለየት ያስፈልጋል፤ ለስላሳ በሆነበት በኩል ጠጕሩ የተኛው ወደዚያ ነው። የመጀመሪያው ዙር ምላጩ ጠጕሩ በተኛበት አቅጣጫ ይሄዳል። ፊቱ በዚህ ብቻ ለዓይን ይጸዳል፥ ለእጅ ግን ገና ይከረክራል። እንደገና አረፋ ተቀብቶ ሁለተኛው ዙር ጠጕሩን አቋርጦ ወደ ጎን ይሄዳል። ሦስተኛው ዙር ጠጕሩን ተቃርኖ ሽቅብ ይሄዳል፤ ሙልጭ ማለት ይህ ነው። አረፋ በሌለበት ቆዳ ላይ ምላጭ ሁለተኛ ማሳለፍ ግን በየትኛውም ዙር የተከለከለ ነው።

ስለ ሦስተኛው ዙር ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙዎቻችንን የሚነካ ስለ ሆነ። ጠጕሩ የተጠቀለለ ሰው ጢሙን እጅግ አስጠግቶ ሲላጭ፥ ቆዳውም ተወጥሮ ሲለቀቅ፥ የተቈረጠው ሹል ጫፍ ከቆዳው በታች ይገባል። እያደገ ሲሄድም ቀጥ ብሎ እንደ መውጣት ፈንታ ተጠማዞ የገዛ ቆዳውን ይወጋል። በአንገትና በመንጋጋ ሥር የምናያቸው የሚያሳክኩ፥ አንዳንድ ጊዜም መግል የሚቋጥሩ እብጠቶች ምክንያታቸው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ብዙ ወጣት ይህን ብጕር መስሎት ነገ የበለጠ አስጠግቶ ይላጨዋል፤ በዚህም እሳቱ ላይ እንጨት ይጨምርበታል። እንዲህ ያለ ጠጕር ያለው ሰው በመጀመሪያው ዙር፥ ቢበዛ በሁለተኛው ይብቃው፤ ቆዳውንም እጅግ አይወጥረው፤ እብጠቱ ካለበትም እስኪድን ድረስ ጢሙን ይተወው። ፊቱ በእጅ ሲዳሰስ ጥቂት ቢሻክር ምንም አይደለም። አንዳንድ ጠጕር አስተካካዮች ደንበኛው «ገና ነው፥ ድገመው» ባለ ቍጥር ይደግማሉ፤ አጎቴ ግን የአንገቱን ቆዳ አይተው «ይበቃዎታል» ብለው ፎጣውን ያነሡለታል። እኔ ከሙያቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

መጀመሪያ ወደ ተናገርሁት ስለ ተውሶ ምላጭ ልመለስ። የተላጨ ፊት ምንም ደም ባይታይበት በዓይን የማይለዩ ጭረቶች አሉበት፤ ስለቱም በዓይን የማይታይ ደም ይዞ ይቀራል። በዚህ መንገድ ኤች አይ ቪ፥ እንዲሁም ጉበትን የሚጐዱት ሄፓታይተስ ቢና ሲ ሊተላለፉ ይችላሉ። ከእነዚህ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን በሽታ የማስያዝ ኃይሉን እንደ ያዘ ሊቈይ ይችላል። እንግዲህ ቅዳሜ አባት የተላጨበትን ምላጭ ልጁ ረቡዕ ቢያነሣው አደጋው አላለፈም ማለት ነው። ታጣፊውን ምላጭ በእሳት ላይ አግሎ ማንጻትም አይቻልም፤ አረብ ብረት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየጋለ ሲሄድ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ስለቱ ከዚያ በኋላ አይዝም። በአልኮል አበስ አድርጎ ማለፍም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ታጣፊ ምላጭ የአንድ ሰው ዕቃ ነው፤ የሚመላለስበት ቆዳም እንዲሁ። በጠጕር ቤት የሚሠራበት መያዣ መልኩ ታጣፊውን ቢመስልም በውስጡ የሚገባው ለእያንዳንዱ ሰው የሚለወጥ ስስ ምላጭ ነው። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ጠጕር ቤት ሲገባ አዲሱ ምላጭ ከነወረቀቱ በፊቱ ሲከፈት ማየት መብቱ መሆኑን ንገሩት። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አጎቴ ያልጠየቃቸውን ደንበኛ እንኳ ወረቀቱን ሲቀድዱ ያሳዩታል። በቤታችንም የአያቴ ምላጭ የሚነካው የአያቴን ፊት ብቻ ነው፤ እኔ የራሴን እይዛለሁ።

ሌላውን ሰው መላጨት ራስን ከመላጨት የሚለይበት ነገር አለ። ራሱን የሚላጭ ሰው ምላጩ ሲጎትት ሕመሙ ወዲያው ይነግረዋል፤ የሌላው ሰው ፊት ግን ለእጅህ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ የግራ እጅ ጣቶች እንደ ዓይን መሆን አለባቸው። የሽማግሌ ቆዳ ደግሞ ስስና የተሸበሸበ ነው፤ ሽብሽቡ ካልተዘረጋ ስለቱ እጥፋቱ ላይ ይይዛል፤ እጅግ ከተሳበም ያማል። ከሁሉ የሚያስፈራው ማንቁርት ነው። ምራቅ ሲዋጥ ይወጣል፥ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ምላጭ ማሳለፍ የሚቻለው ሰውየው ምራቁን ውጦ ጸጥ ባለበት አፍታ ብቻ ነው። አያቴ ደግሞ ጨዋታ ይወዳሉ፤ ፎጣው አንገታቸው ላይ ሲያርፍ የጥንት ነገር ሁሉ ትዝ ይላቸዋል። ዝም በሉ ማለት ለእኔ የሚገባ አልሆነምና አንድ ስምምነት አደረግን፤ ለመናገር ሲፈልጉ አስቀድመው የግራ እጃቸውን ጣት ያነሣሉ፥ እኔም ምላጩን ከፊታቸው አርቄ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ መላጨት ከአርባ ደቂቃ የሚበልጠው ስለዚህ ነው። እሳቸውን የምላጨው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ በላይኛው ከንፈር ላይ ሁለት። ከዚያ በኋላ በቀኝ እጃቸው ጉንጫቸውን ዳሰስ ያደርጉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ይመልሱታል።

መላጨቱ ሲያበቃ ፊት በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ በፎጣ ይጠቀጠቃል እንጂ አይፈተግም። ጭረት ቢኖር በውሃ የራሰ ሸብ ማስነካት ደሙን ይገታል፤ ሸቡም እንደ ምላጩ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሽቶ በተላጨ ፊት ላይ ማርከፍከፍ የሚያቃጥል እንጂ የሚጠቅም አይደለም። ምላጩ በውሃ ይለቀለቃል፥ ከጀርባው ወደ ስለቱ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፥ በቆዳው ላይም ከአምስት እስከ ዐሥር ጊዜ ተመላልሶ ይደርቃል። በክረምት ወራት አየሩ እርጥበት ስላለው ዝገት ፈጥኖ ይይዘዋልና ስለቱን እጅግ ጥቂት ዘይት መቀባት ያሻል። ከእጀታው መታጠፊያ ውስጥ የገባው ውሃ እንዲወጣም ምላጩ ግማሽ ተከፍቶ፥ ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍ ያለ ስፍራ ያድራል፤ የሚዘጋው በማግሥቱ ነው።